ጎረቤቴ ወደ አባታቸው ቤት ሲመለሱ

አምስተርዳም ኖርድ የገባሁት ልጄ ገና ስትድህ ነው። ከስደተኞች ማቆያው ስንወጣ የተሰጠን ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የሁሉም በር ወደ አንድ ረጅም የጋራ በረንዳ የሚከፈትበት፣ ሊፍቱ ደስ ሲለው ብቻ የሚሠራ ሕንፃ ነው። በገባንበት ቀን ደስ አላለውም። ልጄን አዝዬ፣ የሕፃን አልጋ ተሸክሜ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ግድግዳውን ተደግፌ ሳለከልክ አንድ ቀለም የነካካው ቱታ የለበሱ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ከላይ ወርደው አልጋውን ከእጄ ወሰዱት። አራተኛ ፎቅ ድረስ አውጥተው ደጃፌ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ የእንግሊዝ ቅላጼ በተጫነው ደች፣ "ጎረቤትሽ ነኝ፤ መዶሻ ካስፈለገሽ አንኳኪ" ብለውኝ ቤታቸው ገቡ።

ከጊዜ በኋላ የቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራ አገኘሁ፤ እዚህ ታውስዞርግ ይሉታል። አረጋውያንን ከአልጋ አንስቶ፣ አጥቦ፣ አልብሶ፣ ቁርስ ማብላት ነው። ችግሩ አረጋውያኑ የሚነሱት በማለዳ ሲሆን የሕፃናት መዋያው የሚከፈተው ግን እኔ ሥራ ከገባሁ በኋላ መሆኑ ነበር። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቆሜ አለቃዬን በስልክ ስለማመጥ ጎረቤቴ በመስኮታቸው ሰሙኝ።

"ማለዳ እኔ ጋ ተያት። ሲከፈት አደርሳታለሁ" አሉኝ።

ደነገጥኩ። ብቻቸውን የሚኖሩ ወንድ፣ በቅጡ የማላውቃቸው ፈረንጅ! ፊቴ ላይ አንብበውት መሰለኝ ምንም አልተቀየሙም። "ልክ ነሽ። መጀመሪያ ስለ እኔ ጠይቂ" ብለው የበረንዳው ጥግ ያለውን በር አሳዩኝ። እዚያ የሚኖሩት ከሱሪናም የመጡ እናት ጥያቄዬን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። "እኔ ልጆቼን ያሳደግኳቸው በእሳቸውና በሟች ሚስታቸው እጅ ነው። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ" አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ ልጄ በእሳቸው ቤት ማደግ ጀመረች። ቁርሷን እዚያ በላች፣ ጫማዋን ማሰር እዚያ ተማረች፣ ብስክሌት ላይ የወጣችው እሳቸው ኮርቻውን ይዘውላት ነው። ትምህርት ቤት ከገባችም በኋላ ጠዋትና ከሰዓት የምታንኳኳው የእሳቸውን በር ነበር። ኦፓ ትላቸዋለች፣ አያቴ ማለቷ ነው። እኔ "እርስዎ" ስላቸው እሷ "አንተ" ነው የምትላቸው። ጥቂት አማርኛ ያስተማረቻቸውም እሷ ስለሆነች እኔን በየማለዳው በር ከፍተው "አንተ ደህና አደርክ?" ይሉኝ ነበር። ማረም ስላሳዘነኝ ተውኩት። እስከ ዛሬም ለእሳቸው "አንተ" ነኝ።

ስለ እሳቸው የማውቀው ጥቂት ነበር። ኖርድ መርከብ የሚሠራበት ሰፈር በነበረ ጊዜ ቀለም ቀቢ ነበሩ። ሚስታቸው የዚህ አገር ሰው፣ ነርስ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ሞተዋል። ልጅ አልወለዱም። አንዳንድ ነገራቸው ግር ይለኝ ነበር። ሴት ወደ ክፍል ስትገባ ብድግ ይላሉ፤ ልጄ ስትገባ እንኳ ይነሱላታል። የሥራ ጫማቸውን ፊት እስኪያሳይ ይወለውሉታል። አልጋቸው ሲነጠፍ አንሶላው እንደ ከበሮ ይወጠራል። እኔ እንግሊዝ ሁሉ እንዲህ ነው ብዬ አለፍኩት።

የሚጠይቃቸው ዘመድ አንዲት እህት ብቻ ነበሩ። አልፎ አልፎ ሄግ ለሥራ ሲመጡ በባቡር ይመጣሉ፣ ከማዕከላዊው ጣቢያ በጀልባ ይሻገራሉ። የነተበ የዝናብ ጃኬት፣ የጀርባ ቦርሳ፣ ጭቃ የለመደ ጫማ። የሻይ ቅጠላቸውን በላስቲክ ቋጥረው ነው የሚዞሩት። አንጀቴን ስለሚበሉኝ ሲመለሱ ከድፎ ዳቦዬ ቆርጬ፣ "ለባቡር ይሁንዎት" ብዬ እሰጣቸው ነበር። ሁልጊዜ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ያመሰግኑኛል።

አንድ ክረምት በረንዳው በረዶ ሠርቶ ጎረቤቴ ወደቁ። ልጄ ናት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያገኘቻቸው። የሱሪናሟ እናት አምቡላንስ ጠሩ፤ እኔም ከሥራ ቦታ እየሮጥኩ ሆስፒታል ደረስኩ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል። ሐኪሙ ቤተሰብ ነሽ ወይ ሲለኝ ልጄ ቀድማኝ "አዎ" አለች።

በማግስቱ እህትየው መጡ። ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ከታች ካለው ምግብ ቤት ተቀምጠን ስንጠብቅ፣ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቅኳቸው።

"ዳኛ ነበርኩ" አሉ።

"የትንሽ ወረዳ?"

"ለንደን። ከፍተኛው ፍርድ ቤት። ሄግም የምመጣው ለዚያው ሥራ ነበር።"

ድፎ ዳቦው ትዝ አለኝና ጆሮዬ ጋለ። እሳቸው ግን ስኒያቸውን እያሽከረከሩ ቀጠሉ። "ታላቃችን ጄኔራል ነበር። ታናሻችን የእንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ ነው፤ ሲጮህ በቴሌቪዥን ሳታዪው አትቀሪም። አባታችን ሎርድ ነበሩ፣ አያታችንም። ከእነሱ በፊት የነበሩት ወይ ዳኛ፣ ወይ ሚኒስትር፣ ወይ የጦር አዛዥ ናቸው። በቤታችን ሌላ ሥራ በዓለም ላይ ያለም አይመስልም ነበር።"

"እሳቸውስ?" አልኩ ወደ ላይኛው ፎቅ እያየሁ።

"እሱ ወጣት መኮንን ሆኖ ጀርመን ተመድቦ ነበር። ለእረፍት አምስተርዳም መጣና አንዲት ነርስ አገኘ። ዩኒፎርሜን አውልቄያለሁ ብሎ ለአባታችን በስልክ ነገራቸው። ደጄን እንዳትረግጥ አሉት። ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ነበሩ፤ ሲሞቱም አላጠፉም።"

"ጄኔራሉ ወንድማችሁስ?"

እህትየው ስኒያቸውን አስቀመጡ። "እሱ ትእዛዝ ያከብራል" አሉኝ።

የዚያን ዕለት ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ ደወልኩ። ልጄ በስልክ ስለምታወራላት ጎረቤቴን በደንብ ታውቃቸዋለች።

"የመኳንንት ልጅ ነው በይኛ!" አለች።

"አዎ እማዬ።"

"እና አራተኛ ፎቅ ላይ የሰው ልጅ ሽንት ጨርቅ ሲቀይር የኖረው?"

"አዎ።"

"ወይ ልብ!" አለች። "እንግዲህ የተባረከ ሰው አጋጥሞሻልና ጠበል ሳይረጭ እንዳይውል። የደከመ ሰው ነው።"

ከሆስፒታል ወደ ማገገሚያ ተዛወሩ። ሐኪሞቹ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን መኖር እንደማይችሉ ነገሩን። እኔ ቁጭ አላልኩም። ጌሜንተው፣ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ፣ ለአረጋውያን የሚሰጠው ምድር ቤት ኢንዲሸ ቡርት የሚባለው ሰፈር ውስጥ እስኪገኝልን ድረስ መለመን ነበር ሥራዬ። ቤቱን በተሽከርካሪ ወንበር ወስጄ አሳየኋቸው። ከዳፐርማርክት ገበያ ብዙም አይርቅም፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። "ጥሩ ብርሃን አለው" አሉ። እኔ ደስ አለኝ። ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

ቅዳሜ ቀን ቤተሰቡ ሊመክር ይመጣል ተባለ። የእሳቸው ቤት ስለሚጠብ በእኔ ሳሎን እንዲሆን ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ግን ስጨነቅ ሰነበትኩ። ዐቢይ ጾም ስለነበር ሽሮና ጎመን ሠራሁ። ለጌቶች ሽሮ! ልጄ ግን "ኦፓ የሚወደው እኮ ሽሮ ነው" ብላ ገላገለችኝ።

መጀመሪያ እህትየውና የፓርላማው ወንድም መጡ። የፓርላማው ወንድም ቀይ ፊት ያላቸው ሳቂታ ሰው ናቸው፣ ስልካቸው ከጆሯቸው አይለይም። ጄኔራሉ ብቻቸውን ዘግይተው ደረሱ። አውሮፕላን ስለማይወዱ መኪናቸውን በመርከብ አሻግረው፣ ከሁክ ፋን ሆላንድ ወደብ በሮተርዳም በኩል ነድተው ነው የመጡት። ሊፍቱ ጎረቤቴን ከማገገሚያው ስናመጣቸው ሠርቶ ከዚያ ተበላሽቶ ነበር። ጄኔራሉ በዚያ ዕድሜያቸው የደረጃውን ብረት ሳይነኩ፣ ቀጥ ብለው አራት ፎቅ ወጥተው ደጃፌ ላይ ሲቆሙ ፊታቸው እንደ ወረቀት ነጥቷል።

ጎረቤቴ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ለመነሳት ሞከሩ። ጄኔራሉ በሁለት እርምጃ ደርሰው ያዟቸው። መተቃቀፍ የለም፣ እንባ የለም፤ ተጨባበጡ። ብቻ አንዱም እጁን ሳይለቅ ቆዩ።

"አርጅተሃል" አሉ ጄኔራሉ።

"አንተ ደግሞ ወፍረሃል" አሉ ጎረቤቴ።

ምግቡ ቀርቦ ተበላ። ጄኔራሉ ሳህናቸውን አጽድተው ሳያፍሩ ጨምሪልኝ አሉ፤ ያኔ ጭንቀቴ ለቀቀኝ። ከዚያ ምክሩ ተጀመረ። የፓርላማው ወንድም ለንደን አጠገብ የሚያውቁት የአረጋውያን ማዕከል እንዳለ ተናገሩ። እህትየው እዚሁ አምስተርዳም ሰው ቀጥረን እንርዳው አሉ። ጄኔራሉ "የአባታችን ቤት ሰፊ ነው" ብቻ አሉ። እኔም ተራዬን ጠብቄ ስለ ኢንዲሸ ቡርቱ ቤት አስረዳሁ፤ እየተመላለስኩ እንደማጥባቸውና እንደማበላቸው፣ ልጄም ከትምህርት ቤት ስትወጣ እንደምትመጣ ነገርኳቸው። ሦስቱም በትኩረት ሰሙኝ። እንግሊዝኛዬ የተሰባበረ ቢሆንም አንዳቸውም አላቋረጡኝም።

ልጄ ወለሉ ላይ፣ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። ድንገት ጎረቤቴ ባስተማሯት ጥርት ያለ እንግሊዝኛ፣ "ለምንድነው ስለ እሱ የምታወሩት? እሱ እኮ እዚህ ተቀምጧል" አለች።

በኀፍረት ተሸማቀቅኩ። እህትየው ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣ "እውነቷን ነው። ባለጉዳዩን ሳንሰማ ልንፈርድ ነበር" አሉ። ወደ ወንድማቸውም ዞሩ። "አንተ ምን ትፈልጋለህ?"

ጎረቤቴ እጃቸውን ልጄ ጭንቅላት ላይ አሳረፉ። እኔን ሳያዩ፣ "መሄድ እፈልጋለሁ" አሉ። "የዛሬ ስንት ዘመን፣ ሲጠሩኝ እሄዳለሁ ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። የጠራኝ ስላልነበረ እዚሁ ኖርኩ። ደግሞም ጥሩ ኖርኩ።"

ጄኔራሉ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጡን። ድምፃቸው ሲመጣ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። "አባታችን በሕይወት እያሉ ፈራሁ። ከሞቱ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ይኸው አሁን ጠርቼሃለሁ።" ከዚያ ወደ እኛ ዞሩና፣ "ጣራው ያፈሳል፤ ላስጠነቅቅህ። ክፍሎቹ ብርድ ናቸው። ውሾቹ አልጋ ላይ ይወጣሉ" አሉ።

"የመስኮቱ ቀለምስ?"

"ተላልጧል።"

"እንደዚያ ከሆነማ ሥራ አለኝ" አሉ ጎረቤቴ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ወጥ ቤት ገብቼ ግን ሳህኑን እያንኳኳሁ ማጠብ ጀመርኩ። ያ ሁሉ ልመናዬ፣ ያ ሰፊ መስኮት! በረንዳው ላይ አብረን የኖርነው እንዲሁ የሚተው ኖሯል ብዬ ተቀየምኩ። እህትየው ከኋላዬ መጥተው ፎጣ አነሡና ሳህኑን ያደርቁ ጀመር። የመጨረሻውን ሳህን ሲያስቀምጡ፣ "እኔ ወንድሜ እዚህ ብቻውን ነው ብዬ ነበር የምጨነቀው። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ግን ተኝቼ አድራለሁ" አሉኝ። ቅያሜዬ ያን ጊዜ አልጠፋም፤ ግን ላላ።

የልጄ ቁጣ ከእኔ ጠነከረ። ጎረቤቴ ዕቃቸውን ሊያስተካክሉ ቤታቸው ሲመለሱ በራቸውን ማንኳኳት ተወች። እሳቸው ሮላቶር፣ ያንን ባለ ጎማ መደገፊያ፣ እየገፉ የእኛን በር አንኳኩ።

"ቤቴ እዚህ ነው ብለኸኝ ነበር" አለቻቸው ገና ሳይገቡ።

"ነው እኮ።"

"ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?"

"ሁለት ቤት ያለው ሰው አለ። አንቺም አንድ ቀን እንደዚያ ትሆኚያለሽ።"

"እኔ አልሆንም።"

"እሺ" አሉ። አልተከራከሯትም። አጠገቧ ተቀመጡ፤ እሷም ቆይታ ቆይታ ትከሻቸው ላይ ተደገፈች።

የጉዞው ቀን ጄኔራሉ የውሻ ፀጉር የሞላበትን መኪናቸውን ይዘው መጡ። እኛም እስከ ወደቡ ልንሸኝ አብረን ተሳፈርን። የሱሪናሟ እናት በረንዳው ላይ ቆመው እያለቀሱ መሀረባቸውን አውለበለቡ። የእናቴን አደራ ስላልረሳሁ ሮተርዳም ስንደርስ የእኛ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን ጋ እንዲቆሙልኝ ለመንኩ። ቄሱ አስቀድሜ ስለነገርኳቸው በር ላይ ጠበቁን። ጎረቤቴ ኮፍያቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ፤ ቄሱ ጸልየው ጠበል ረጯቸው። ጄኔራሉ ወደ ኋላ ቆመው ያያሉ።

"ለእኔም ይሆናል?" ብለው ጠየቁኝ።

ቄሱን ጠየቅኳቸው። "ለሁሉም ነው፤ ይቅረቡ" አሉ።

ጄኔራሉ ቀረቡ። ተረከዛቸውን ገጥመው፣ እንደ ሰልፍ ላይ ቆመው ጎንበስ አሉ። ቄሱ አልሳሱም፤ ውሃው በአንገታቸው ገብቶ ጀርባቸው ድረስ ወረደ።

"በጣም ይቀዘቅዛል" አሉ ጄኔራሉ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

"ከልጅነት ክፍላችን አይብስም" አሉ ወንድማቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ሕፃን ሳቁ። ምን እንደተባለ ያልገባቸው ቄስ እንኳ አብረው ሳቁ።

ሁክ ፋን ሆላንድ መኪኖቹ ወደ መርከቡ ሊገቡ ሲሰለፉ ወረድን። ጎረቤቴ በመስኮቱ እጄን ያዙ። ስሸኛቸው የምናገረውን መንገዱን ሁሉ ሳሰላስል መጥቼ ነበር። ልጄን አሳደጉልኝ፣ ሥራ እንድይዝ አደረጉኝ፣ በሰው አገር የምናንኳኳው በር ሆኑኝ ልል። የወጣልኝ ግን "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብቻ ነው፤ እሱም በአማርኛ።

ልጄ ያስተማረቻቸውን አልረሱም። "አብሮ ይስጠን" አሉኝ። ቀጥለውም በደች፣ "ሚስቴ ከሞተች በኋላ በሬን ዘግቼ ነበር። ያን አልጋ ተሸክመሽ ስትወጪ የጫማሽን ድምፅ ሰማሁ፤ ለዚያ ነው የከፈትኩት" አሉ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ልጄ እጇን ሳታነሣ ቆማ ቆየችና መርከቡ አፉን ሲዘጋ በሁለት እጇ ማውለብለብ ጀመረች። በሜትሮ ወደ ሮተርዳም ስንመለስ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

በበጋው ወደ አባታቸው ቤት ጠሩን፤ ሄድን። ቤቱ እንደተባለው ብርድ ነው፤ ጣራው ያፈሳል፣ ባልዲዎች ኮሪደሩ ላይ ተደርድረዋል። ግድግዳው ሁሉ የአያት ቅድመ አያቶች ሥዕል ነው፤ ሰይፍ የታጠቀው፣ የዳኛ ካባ የደረበው። ልጄ አንዱን አይታ፣ "ይሄ ሰውዬ ለምን የሴት ፀጉር አደረገ?" ስትል ጄኔራሉ እጇን ይዘው ከሥዕል ሥዕል አዞሯት። አንዱንም አላሳመሩላትም። ይህ ጥሩ ሕግ አወጣ፣ ይህ ሰው ሰቀለ፣ ይህ ጦርነት አሸነፈ ይባላል ግን ታሞ ድንኳን ውስጥ ተኝቶ ነበር እያሉ አስረዷት። ጎረቤቴ ደግሞ ከውጭ፣ ፀሐይ ላይ ወንበር አስቀምጠው የምድር ቤቱን መስኮቶች ነጭ ቀለም እየቀቡ አገኘናቸው። ወፈር ብለዋል። ሳያቸው ኢንዲሸ ቡርት ውስጥ ያለው ቤት ከሐሳቤ ወጣ። ለእሳቸው የሚበጀውን አውቃለሁ ብዬ የነበረው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ግን ያውቁ ኖሯል።

አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ስልኬ ይጮኻል። የሚደውሉት ጄኔራሉ ናቸው። ወንድማቸውን የሚንከባከቡት ራሳቸው ስለሆኑ ለእኔ ሪፖርት ያቀርባሉ።

"ሾርባውን ጨርሷል። እግሩ አብጦ ነበር፣ ዛሬ ቀንሷል። ውሃ ግን አልጠጣም ይላል። ምን ላድርግ?"

"ሻይ አድርገው ይስጧቸው" እላለሁ። "ሻይ ውሃ መሆኑን አይንገሯቸው።"

ጄኔራሉ የስልኩን ድምፅ ስለሚያጎሉ ከወዲያ በኩል ከሌላ ክፍል የተሰባበረ አማርኛ ይሰማል። "አንተ! ሰምቼሃለሁ!"

ልጄ ስልኩን ከእጄ ትቀማኛለች።